የኩላሊት ጠጠርና የጋሽ ኡመር ላቦራቶሪ

ምን ትሠሪ ነበር ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው «ሽንት አይ ነበር» ብዬ እመልሳለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ፊቱን ያጨማድድና ወሬውን ይቀይራል። እኔ ግን አላፍርበትም። የወጣትነት ዘመኔን ድሬዳዋ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ ላቦራቶሪ መስኮት ሥር፣ የሰው ሽንት በማይክሮስኮፕ ሳይ ነው የጨረስኩት። ሥራዬን እወደው ነበር። በዚሁ ሥራ ደግሞ አንድ ጊዜ ሰው በድያለሁ። ሁለቱንም እንድጽፍ ያነሳሳኝ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ የሰማሁት ትምህርት ነው።

ያን ጊዜ አንዲት ወጣት ሐኪም ስለ ኩላሊት ጠጠር ልታስተምረን ከአዲስ አበባ መጣች። ጠጠር ሊሠራ የሚችል ጨው በሁላችንም ሽንት ውስጥ አለ አለችን። ታዲያ ሁላችንም ጠጠር የማናወጣው ለምንድን ነው? ሽንት ውስጥ ያሉ አንዳንድ ፕሮቲኖች ደቃቁን ክሪስታል ከበው ይይዙታል፤ እርስ በርሱ ሳይያያዝ ታጥቦ ይወጣል። የኩላሊት ቱቦዎች የውስጥ ሽፋን ሲጎዳ ግን ነገሩ ይበላሻል። ኦክስጅን ብረትን እንደሚያዝገው ሁሉ ሴሎቻችንንም የሚጎዳ እንደ ዝገት ያለ ነገር አለ፤ ክሪስታሉ የተጎዳው ቦታ ላይ ይለጠፋል። ፕሮቲኖቹም በዚሁ ጉዳት ጠባያቸው ይለወጥና ይከላከሉ የነበሩት ማጣበቅ ይጀምራሉ። ገና ያልታወቀ ብዙ ነገር እንዳለም አልደበቀችንም።

ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ስሰማ እንባዬ መጣ። አጠገቤ ያለችው ልጅ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «አንድ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው» አልኳት።

ያ ሰው ጋሽ ኡመር ናቸው።

ድሬዳዋ የገባሁት ደርግ ሥልጣን በያዘ ሰሞን ነው። ከላቦራቶሪ ትምህርት ቤት እንደወጣን የምንመደብበትን ቦታ በዕጣ አወጣን፤ ለእኔ ድሬዳዋ ደረሰኝ። ከዚያ በፊት ከአዲስ አበባ ወጥቼ አላውቅም። ድሬ ባቡር ጣቢያ፣ ለገሀሬ፣ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን በጥፊ የመታኝ ነው የመሰለኝ። በዚያው ባቡር መመለስ አማረኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ደመወዙንም ሥራውንም ረስቼ ጥላ ስፈልግ ነው ያለፈው።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሽ ኡመር መጋላ ሰፈር ተወልደው ያደጉ፣ ሙያውን ከአንድ ግሪካዊ ሐኪም ሥር ቆመው የተማሩ ሰው ነበሩ። ዲፕሎማ የላቸውም። ቀጭን፣ ረጅም፣ በስታርች ድርቅ ያለ ነጭ ጋዋን የሚለብሱ። ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ ይናገራሉ፤ በሽተኛው በር ላይ እንደቆመ አፉን ሳይከፍት በየትኛው እንደሚያናግሩት ያውቃሉ። እኔን በአማርኛ ነበር የሚያናግሩኝ፤ ሲናደዱ ብቻ «አቦ ተይ!» ይላሉ።

የመጀመሪያ ቀን አንድ ብርጭቆ ሽንት አቀበሉኝና «አንብቢው» አሉኝ።

«ማይክሮስኮፑ የት ነው?» አልኳቸው።

«ዓይን የለሽም እንዴ? መጀመሪያ በዓይንሽ። ከዚያ በአፍንጫሽ። ከዚያ በእሳት። ማይክሮስኮፕ መጨረሻ ነው። በማይክሮስኮፕ የጀመረ ሰው የወደደውን ብቻ ያያል።»

በእሳት የሚሉት የፕሮቲን ምርመራውን ነው። ያኔ ነክረው የሚያነቡት ወረቀት እኛ ዘንድ አልደረሰም። ቴስት ቲዩቡን በሽንት ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሞሉና ታችኛውን ጫፍ በጣታቸው ይዘው፣ በአልኮል መብራቱ ላይ ዘንበል አድርገው የላይኛውን ክፍል ብቻ ያፈሉታል። ታችኛው ቀዝቃዛና ጥርት ያለ እንደሆነ ይቀራል፤ ላይኛው ደፍርሶ እንደሆነ ሁለቱን አስተያይተው ይለያሉ። ከደፈረሰ ሁለት ሦስት ጠብታ አሴቲክ አሲድ ይጨምሩበታል። ድፍርሱ ከጠፋ ጨው ነበር ማለት ነው። ካልጠፋ ከልኩ ያለፈ ፕሮቲን ነው፤ ሰውየው ታሟል። ጋሽ ኡመር ቲዩቡን ከጥቁር ጨርቅ ቁራጭ ፊት ይዘው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩታል። ደጅ መቶ ሰው ቢሰለፍ ያቺን አንዲት ትንፋሽ አያሳጥሯትም።

ድሬ ጠጠረኛ የበዛበት አገር ነው። ውሃው ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ሙቀቱ ሰውነትን ያደርቃል፤ ከምሳ በኋላ ጫት ይዞ የተቀመጠ ሰው ከሻይ በቀር ውሃ ትዝ አይለውም። የባቡር ወርክሾፑ ሠራተኛ፣ የጨርቃ ጨርቁ፣ የሲሚንቶው፣ ወገቡን ይዞ እየተጣመመ ይመጣል። ሁሉም «ውሃው ነው» ይላል። ጋሽ ኡመር ግን አይዋጥላቸውም ነበር።

«ወላሂ፣ እኔና ወንድሜ ከአንድ ቧንቧ ነው የጠጣነው» ይላሉ። «እሱ ሦስት ጊዜ ጠጠር አወጣ። እኔ አንድም የለኝ። ውሃው መርጦ ነው እንዴ የሚገባው?»

ጠጠር ያወጣ ሰው ጠጠሩን ይዞላቸው እንዲመጣ ይለምኑታል። በመሐረብ ጫፍ የቋጠረ፣ በክብሪት ቀፎ የያዘ ይመጣል። በባዶ የፔኒሲሊን ጠርሙስ ያኖሩትና ስሙንና ሥራውን ወረቀት ላይ ጽፈው ይለጥፉበታል፤ «ሹፌር»፣ «ልብስ ሰፊ»፣ «የጀልዴሳ ግመል ነጂ»። አንድ መደርደሪያ ሙሉ ነበረን።

አንድ ቀን ከመደርደሪያው አንዱን አውርደው ስስ አሲድ ውስጥ ነከሩት። አሲዱን በየቀኑ እየቀየሩ ቀናት ቆዩ። ከዚያ ጠርተው አሳዩኝ። ጠጠሩ የለም፤ ጨዉ ሟሙቷል። ግን የጠጠሩን ቅርፅ እንደያዘ አንድ ስስ፣ ለስላሳ፣ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ነገር ፈሳሹ ውስጥ ይንሳፈፋል። በመርፌ ነካ ሲያደርጉት ተጣጠፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ፕሮቲን ይመስለኛል። ከውሃው አልመጣም፤ ከሰውየው ነው። ጨዉ እንዳይበታተን የያዘው ይሄ ነው። ሥራው ግን ያ ነበር ወይስ ተበላሽቶ ነው?» ለረጅም ጊዜ አዩት። «እኔ አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ይመጣል።»

ጋሽ ኡመር ይህን የተናገሩት መጽሐፍ አንብበው አልነበረም።

ከዚያ የሶማሊያ ጦርነት መጣ። ሆስፒታሉ በቁስለኛ ተሞላ፤ ኮሪደሩ ላይ ሳይቀር ይተኛ ነበር። ላቦራቶሪው ደም ለመለየት ብቻ የቆመ እስኪመስል ከጠዋት እስከ ማታ የደም ዓይነት እንለያለን፣ የለጋሹን ከተቀባዩ ጋር እናስተያያለን። ጋሽ ኡመር ደሙን ያዙ። ሽንቱንና ሰገራውን ለብቻዬ እንድሠራ ተዉልኝ።

ዘይነባን የማውቃት ከዚያ በፊት ነው። መጋላ ልብስ ትሰፋለች፤ ባሏ ጀማል የባቡር ወርክሾፕ በያጅ ነው። እኩያዬ ነበረች፤ ሳቂታ፣ ተጫዋች። ሁለት ጊዜ ጠጠር አውጥታለች፤ መደርደሪያችን ላይ «ልብስ ሰፊ» የሚለው ጠርሙስ የእሷ ነው። በዚያ በጦርነቱ ሰሞን የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆና መጣች። ለብዙ ዓመት ልጅ እምቢ ብሏት የመጀመሪያዋ ነበር።

«ያ ረቢ፣ አልማዝ፣ ጠጠሬ ተመለሰ» አለችኝ ቀኝ ጎኗን ይዛ። «ራሴንም ያመኛል።»

ፊቷ ትንሽ አብጧል። አይቼዋለሁ። እርግዝና ነው ብዬ አለፍኩት።

ሽንቷን በሴንትሪፊውጅ አዙሬ ዝቃጩን ስላይድ ላይ አደረግኩ። ማይክሮስኮፑ ውስጥ እንደ ፖስታ ጀርባ መስቀለኛ መስመር ያላቸው የኦክሳሌት፣ የጠጠር ጨው፣ ክሪስታሎች ሞልተዋል፤ ጥቂት ቀይ የደም ሴልም አለ። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ነው ያለኝ፤ የጠበቅኩትን አገኘሁ። በሩ ላይ ሰው ይጮሃል፤ ከማዶ ጋሽ ኡመር ደም የተሞላ ቲዩብ እያቀበሉ «ቶሎ!» ይሉኛል። የአልኮል መብራቱ አጠገቤ ነበር። ክብሪቱም ነበር። ወረቀቱ ላይ «ኦክሳሌት ብዙ፣ ቀይ ደም ጥቂት» ብዬ ጻፍኩ። ፕሮቲኑ በሚሞላበት፣ አልቡሚን ከሚለው ፊት ለፊት «ኔጋቲቭ» ብዬ ጻፍኩ። አላፈላሁትም።

ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ፍስሐ ወረቀቱን አይተው ጠጠር ነው አሉ፤ ማስታገሻ ሰጥተው ውሃ አብዝተሽ ጠጪ ብለው ላኳት። የክፍላቸው የደም ግፊት መለኪያ ለቁስለኞቹ ተወስዶ ስለነበር አልለኳትም።

ዘይነባ በሦስተኛው ቀን ጠዋት በጋሪ መጣች። ያንቀጠቅጣት ነበር። ጥርሷ ምላሷን ነክሶ አፏ ደም ሆኗል። በእርግዝና የሚመጣ፣ ፕሮቲን ወደ ሽንት የሚያፈስ የደም ግፊት ነበር፤ ጠጠሩ አልነበረም ያመማት። ከፊኛዋ የተወሰደውን ሽንት ጋሽ ኡመር ራሳቸው እሳት ላይ ያዙት። ሲሞቅ እንደ እንቁላል ነጭ ረጋ። ቲዩቡን ቢገለብጡት አይፈስም ነበር።

መዝገቡን ከፈቱ። የሦስት ቀን በፊቱን መስመር በጣታቸው ያዙና ቀና ብለው አዩኝ።

«ይሄን አሙቀሽው ነበር?»

«አላሞቅኩትም።»

አልተቆጡም። «አቦ ተይ» እንኳ አላሉኝም። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ደም የሚጠብቅ ሰው በሩ ላይ እያለ ጋሽ ኡመር ሲቀመጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዘይነባ ተረፈች። ልጅቷ ሞታ ተወለደች።

በማግስቱ ጋሽ ኡመር መዝገቡን ፊቴ አስቀመጡ። «ከጻፍሽው ቃል አጠገብ ‹አልተሠራም› ብለሽ ጻፊ። ፈርሚበት።»

በዚያ ዘመን «አሻጥር» የሚባል ቃል ነበር። በጦርነት ሰዓት በሆስፒታል መዝገብ ላይ ያልሠራሁትን ሠራሁ ብያለሁ ብሎ መፈረም ወዴት እንደሚያደርስ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከእኛው መሥሪያ ቤት በትንሽ ነገር ተወስዶ ያልተመለሰ ሰው ነበር።

«ጋሽ ኡመር፣ ይወስዱኛል» አልኳቸው።

«ሊወስዱሽ ይችላሉ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ካልጻፍሽው ግን ነገ ይሄን መዝገብ የሚያይ ሐኪም ያቺ ሴት ፕሮቲን አልነበራትም ብሎ ያምናል። ሁለተኛ ስታረግዝም ያምናል።»

ጻፍኩ። ፈረምኩ። ብዕሩን ከእጄ ተቀበሉኝና ከፊርማዬ ሥር «ኃላፊ» ብለው እሳቸውም ፈረሙ።

ኮሚቴ ፊት ቀረብን። መለዮ የለበሰ አንድ ጓድ ጠረጴዛውን እየመታ ጠየቀኝ። ያዳኑኝ ዶክተር ፍስሐ ናቸው፤ ተነስተው «እኔም ግፊቷን አልለካሁም፤ እሷን የምታስሩ ከሆነ እኔንም ጨምሩኝ» አሉ። በጦርነት መሐል ቀዶ ሐኪም የሚያስር ሰው አልተገኘም። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ በዚያው ቀረ።

ከኮሚቴው ይልቅ የከበደኝ ግን ዋርድ መግባቱ ነበር። «ሂጂና አንቺው ንገሪያት፤ ከሌላ አፍ እንዳትሰማ» ያሉኝ ጋሽ ኡመር ናቸው። ዘይነባ በጎኗ ተኝታ ነበር። ጀማል እግርጌዋ ተቀምጧል፤ እጁ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ። ቆሜ ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ መብራቱ አጠገቤ እንደነበረም ጭምር።

ጀማል ተነሳ። የሚመታኝ መሰለኝ። አልፎኝ ወጣና በሩን ዘጋው።

«ስንት ደቂቃ ነው የሚፈጀው?» አለችኝ ዘይነባ።

«ሁለት ደቂቃ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቆሜ ቆሜ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ማይክሮስኮፑ ፊት መቀመጥ አቃተኝ። ዝውውር ጠይቄ መልካ ጀብዱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያቺን ጣቢያ ዛሬም እወዳታለሁ። ኤሌክትሪክ የለም፤ ሴንትሪፊውጁ በእጅ የሚዞር፣ ማይክሮስኮፑ በመስታወት የፀሐይ ብርሃን የሚወስድ ነው። ደመና ሲሆን ሥራ እናቆማለን። በአህያ ቲማቲምና ሽንኩርት ጭነው ለገበያ የሚያልፉ ሴቶች በመንገዳቸው ጎራ ይላሉ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሁሉ፣ በምንም ትምጣ በምን፣ ሽንቷን እሳት ላይ ሳልይዝ አላስወጣም ነበር። ለቁርጥማት የመጣች አንዲት አሮጊት «እኔ እንኳን ስልሳ አልፎኛል፣ ልጄ» ብላ ስቃብኛለች፤ የእሷንም አፍልቼዋለሁ።

ሁለት ዓመት ያህል እንዳለፈ ጋሽ ኡመር በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጠው መጡ። ጋዋናቸው አቧራ ለብሷል። የሰጠኋቸውን ውሃ እስከ መጨረሻው ጠጡና «ዓይኔ ደከመ» አሉኝ። «ድፍርሱን ከጥርቱ መለየት አቃተኝ። የሚያምኑት ሰው እፈልጋለሁ።»

«እኔን?» አልኳቸው። «እኔ ነኝ የሚያምኑት?»

«የፈረምሽ ዕለት እኮ አጠገብሽ ነበርኩ» አሉ።

በሳምንቱ ተመለስኩ። ጋሽ ኡመር ጡረታ እስኪወጡ አብረን ሠራን፤ እሳቸው ቲዩቡን ያዘነብላሉ፣ እኔ አያለሁ። እነዚያ የሥራ ዘመኔ ምርጥ ዓመታት ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ መስኮቱን ከፍተው ስለ ድሮዋ ድሬ ያወሩኛል፤ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ስለወሰደው ሱቅ፣ ስለ ግሪካዊው ሐኪም፣ ከጅቡቲ በባቡር ስለሚመጣ በረዶ። የእሳቸው ድምፅና የመብራቱ አልኮል ሽታ አሁንም ድረስ አብረው ነው የሚመጡልኝ።

ከተመለስኩ ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ዘይነባ በር ላይ ቆመች። ሆዷ ገፍቷል። ጀማል ከኋላዋ፣ ዓይኑን ከእኔ አሽሽቶ ደጁን ያያል። እኔ ልሸሸግ ነበር የፈለግኩት።

ብርጭቆውን ለጋሽ ኡመር አልሰጠችም። ለእኔ ዘረጋችልኝ።

«አንቺ እይልኝ» አለች።

«ዘይነባ፣ ሌላ ሰው…»

«ሌላ ሰው ሁለት ደቂቃውን አያውቀውም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ሰኞ መጣች። በየሳምንቱ እፊቷ አፈላሁት። ጥርት ይላል፤ «የለም» እላታለሁ፤ ትሄዳለች። ሌላ ወሬ አናወራም። ስምንተኛው ወር ሲገባ አንድ ሰኞ ቲዩቡን አዘንብዬ ያዝኩና የላይኛው ክፍል ሲፈላ አየሁት። እንደ ጭጋግ ሆነ፤ ስስ፣ በጭንቅ የሚታይ። አሲዱን ጣል አደረግኩበት። ጨው ይሁን፣ ይጥፋ ብዬ ለመንኩ። አልጠፋም።

ወረቀት አልጻፍኩም። ቲዩቡን እንደጋለ ይዤ፣ ዘይነባን በሌላው እጄ ይዤ ዶክተር ፍስሐ ክፍል ገባሁ። በሽተኛ እያዩ ነበር። ቲዩቡን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት፤ ከዚያ የእኔን ፊት አዩ። ግፊቷን ለኩ። በዚያው ተኛች። ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ሽንቷን አየሁላት፤ ጭጋጉ መወፈር ሲጀምር ዶክተር ፍስሐ «ከዚህ በላይ አንጠብቅም» ብለው በቀዶ ጥገና አዋለዷት።

ሴት ልጅ ናት፤ ትንሽ፣ ቀይ፣ ቁጡ። ጩኸቷ ኮሪደሩ ላይ ይሰማ ነበር። ጀማል ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወደ እኔ አልመጣም፤ እኔም አልጠበቅኩትም።

በአራተኛው ቀን ዘይነባ አስጠራችኝ። ስገባ ሕፃኗን አቅፋ ተቀምጣለች። «ያዣት» ብላ ሰጠችኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሁለት እጄን ጋዋኔ ላይ ደጋግሜ ጠረግኩና ተቀበልኳት። ቀላል ናት። የጭንቅላቷ ሙቀት ክንዴን ዘልቆ ገባኝ።

አንዲት አስታማሚ ከጎረቤት አልጋ «እንኳን ማርያም ማረችሽ! የመጀመሪያሽ ናት?» አለቻት።

ዘይነባ ለሴትዮዋ አልመለሰችላትም። እኔን ነው ያየችኝ።

«አልማዝ፣ ሰው ሲጠይቅሽ የመጀመሪያዋ ናት እንዳትዪ» አለችኝ። «ሁለተኛዬ ናት።»

«አልልም» አልኳት።

እስከ ዛሬም ብዬ አላውቅም።